ከቆቡ ሥር የነበረው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩት እህቶች አልነገርኩም፤ ብቻዬን ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ እዚህ ቦታ ስደርስ ቶሎ ብዬ ወደ ሌላ ርዕስ እዘላለሁ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንናዘዛለን እንላለን፤ እኔ ግን ያን በር ሳላንኳኳ ስዞረው አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ፊትህን የማላየው፣ ዛሬ ትንሽ ተቀመጥልኝ። አታጽናናኝ። አድምጠኝ ብቻ። መደመጥ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰው ጆሮ የዘጋሁ ሴት ነኝ።

የማንን ጆሮ? የባሌን። የዘጋሁትም ማይክሮፎን ይዤ፣ ጉባኤ ፊት ቆሜ፣ እያለቀስኩ ነው። ሰው ሁሉ «ሃሌሉያ» እያለኝ።

ባሌ ማቴዎስ ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና ላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ሰው። ከዱራሜ ገና ጢም ሳያበቅል አዲስ አበባ መጥቶ ወሰን ሰፈር ካሉት ጋራዦች አንዱ ውስጥ ገባ፣ ከዚያም አልወጣም። ከጠዋት እስከ ማታ ብረት በብረት። ማታ የካ ዳገቱ ላይ ወዳለችው ቤታችን ሲመጣ «ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ አለ» ይለኝ ነበር፤ እኔም እስቃለሁ። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፌንጣው ቤቱን ሠርቶ ተቀመጠ። ማቴዎስ ራዲዮኑን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና «ዜናውን እኛም ቤት ሆነን ሰምተነዋል፣ ተባረኩ» ይለናል። «ጤፉ አልቋል» ስለው «ተመስገን» ብሎ ይመልስልኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቃል። በኋላ ግን የአምስት ዓመቷ ልጃችን ሊዲያ ከሱሪው ሥር ቆማ ስታወራው፣ እሱ በላይዋ አሻግሮ ግድግዳውን ሲያይ ማየት ጀመርኩ። የወንድ ድምፅ ይሰማል። የእኔንም ፊት ለፊት ከሆንኩ ይሰማል። የልጁን ግን አይሰማም።

እኔስ ማን ነበርኩ? እህት አስናቀች ነበርኩ። የሐሙስ የሴቶች ጸሎት መሪ። «አስናቀች ስትጸልይ ቆርቆሮው ይነሳል» ይሉኝ ነበር፤ እኔም «ክብሩ ለጌታ ነው» እያልኩ ክብሩን ግማሽ በግማሽ እካፈለው ነበር። ስለ ማቴዎስ ጆሮ ጾም ጸሎት አወጅኩ። እህቶች ቤታቸውን፣ ሱቃቸውን፣ ቢሯቸውን ትተው በየሐሙሱ ከእኔ ጋር ጾሙ። አንድ ቀን መካከላቸው ቆሜ «ጌታ ተናግሮኛል፣ ማቴዎስ ይሰማል» አልኩ። እውነት ተናግሮኝ ነበር? አላውቅም። ያን ቀን ልቤን ደስ ብሎት ነበር፤ የገዛ ደስታዬን የእሱ ድምፅ አድርጌ ቆጠርኩት። ሳምንታት አለፉ፣ ማቴዎስም «ጤፉ አልቋል» ሲባል «ተመስገን» ማለቱን አልተወም። ሴቶቹ ጸሎት ስንጨርስ ሰረቅ አድርገው ያዩኛል።

ወደ ሐኪም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህን በጎ ሥራ ብለህ አትመዝግብልኝ፤ ተደብቄ ነው የወሰድኩት። በሐሙስ ቀን ነው። ለሴቶቹ «ጎኔን ወግቶኛል» ብዬ ላክሁ። እነሱ ለእኛ ሲጾሙ እኔና ማቴዎስ በታክሲ ወደ መሀል ከተማ ወረድን።

ማቴዎስን ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ አስገቡትና ማዳመጫ ጆሮው ላይ ገጠሙለት። ድምፅ በሰማ ቁጥር በእጁ ያለችውን ነገር እንዲጫን ነገሩት። እኔ ከመስታወቱ ውጪ ነበርኩ። መርማሪዋ ድምፁን ትጨምራለች፣ ትጨምራለች፤ የማቴዎስ አውራ ጣት አይንቀሳቀስም። ጆሮው ጤና የሆነ የሰፈር ልጅ ቢሆን እስካሁን ጆሮውን ይዞ ይጮኽ ነበር። እሱ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አሁን ይመጣል ብሎ እየጠበቀ ነው። አለመስማትን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። አለቀስኩ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለእሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስላለቀስኩት ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር አያበዙም።

«ጆሮው አልተደፈነም፣ ኩክም የለውም፤ ዘይትም ጤና አዳምም አታንጠባጥቡበት» አሉኝ። «ከውስጥ እንደ ሣር ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፣ ወይዘሮ አስናቀች። ድምፅ ሲመጣ ያጎነብሳሉ፣ መልሰው ይቃናሉ። ሁልጊዜ የሚረገጥ ሣር ግን አንድ ቀን ሳይቃና ይቀራል። እዚያ ላይ እኔ መድኃኒት የለኝም።»

ቀጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው አሉ። የሕፃን ድምፅ፣ የወፍ ድምፅ፣ ከቃልም «ስ» እና «ፍ»። ከዚያ በእርዳታ ከመጡት የመስሚያ መሣሪያዎች አንዱን አወጡና ከማቴዎስ ቀኝ ጆሮ ጀርባ ሰኩለት። ይህ ያዳነው ማለት አይደለም፣ የቀረውን ያግዘዋል አሉኝ። ሦስት ነገር አስጠነቀቁኝ። በየቀኑ ያድርገው። መዶሻ ሲይዝ አውልቆ ጆሮውን ይወትፍ። ሦስተኛውን ሲናገሩ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት እንዳይከርም። ጆሮ ድምፅ ያቀብላል እንጂ ቃሉን የሚለየው አእምሮ ነው። ለዓመታት ካልሠራበት ይረሳዋል። ኋላ ቢያደርገውም ላይመለስለት ይችላል።»

ሁሉንም ሰማሁ። እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ጆሮዬ ጤና ነው።

ከደረጃው ስንወርድ ማቴዎስ በድንገት ቆመ። የገዛ ጫማውን ድምፅ ሰምቶ ነው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ደንግጦ ክንዴን ያዘኝ፣ ከዚያ ሳቀ፣ መገናኛ እስክንደርስም ሳቁን አላቆመም። ቤት ስንገባ ሊዲያ ከኋላው «አባዬ» አለችው። ዞረ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ደግማ ሞከረችው፣ ደግሞ ዞረ። ከዚያ ወዲያ እብድ ሆነች። ከበሩ ጀርባ «አባዬ»፣ ከአልጋው ሥር «አባዬ»፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ «አባዬ»። እሱም ከእያንዳንዱ ጥግ ያወጣታል። አፏ ሥራ አልፈታም፤ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ መምህሯ ጫማ፣ አንድ ቀን ሙሉ አወራችለት። አንድም ቃል አላመለጠውም።

ቅዳሜ ለጸሎት ወደ እንጦጦ ጫካ ወጣን። ሰው ሁሉ እዚያ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ ይጮኻል፤ ማቴዎስ ግን አልጸለየም። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየረገጠ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ይረግጣል፣ ቆም ይላል፣ ይረግጣል። ከላይ የራጉኤል ደወል ሲደወል ራሱን ቀና አደረገ።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ነበረ እንዴ፣ አስኑ?» አለኝ።

እንዲህ ሦስት ሳምንት ኖረ። ቁጥሩን ያዝልኝ። ሦስት ሳምንት ነው የሰጠሁት።

መሣሪያውን ግን ለሰው ማሳየት አፍሮ ነበር። «መጀመሪያ እኔ ልልመደው፣ ቀስ ብዬ አሳያለሁ» አለ። ቤት ውስጥም ሊዲያ እንኳ እንዳታየው በሹራብ ቆብ ይሸፍነዋል። ቆቡ ሲጫነው መሣሪያው በቀጭኑ ያፏጫል፤ ማቴዎስ በጣቱ ላላ ያደርገዋል። እኛ ጋ ወንድ ጉባኤ ውስጥ ቆቡን ማውለቅ አለበት፤ ለእሱ ግን ጆሮውን ያመዋል ስለሚባል አስተናጋጆቹ ያልፉታል። ይህችን ቆብ አስታውስልኝ። እኔ ባልዋሽ እንኳ ቆቧ ትዋሽ ነበር እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ስሞክር ኖሬያለሁ። ቆብ አፍ የለውም።

በሦስተኛው እሑድ ዝማሬው እንዳለቀ ሽማግሌያችን ጋሽ ዘለቀ ከኋላችን መጡና ዝቅ ባለ ድምፅ «ማቴዎስ፣ ሰላም ነህ?» አሉ። ማቴዎስ ዞሮ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ ዘለቀ» አላቸው። እኛን ተከትላ የተቀመጠችው ብዙነሽ፣ ከሐሙስ ጿሚዎች አንዷ፣ ብድግ ብላ «ሰማ! ከኋላው ጠሩት፣ ሰማ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ተነሣ። ሴቶቹ እየተላቀሱ ወደ እኔ መጡ። ስንት ሐሙስ የጾሙ ሴቶች ናቸው።

ጋሽ ዘለቀ «እውነት ነው አስናቀች? ይሰማል?» አሉኝ።

«ይሰማል» አልኩ።

እስከዚህች ድረስ አልዋሸሁም። ይሰማል። ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብጨምር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው መነጽር ያደርጋሉ፤ መሣሪያውን ቢያዩ እሰየው ይሉ ነበር። ማንም አልከለከለኝም። ይህንንም የጌታ ስጦታ ነው ብል ማን ይቃወመኝ ነበር? ማንም። ግን እንዲያ ካልኩ ሐሙስ ዕለት የት እንደነበርኩ ይጠየቃል። እንዲያ ካልኩ «ጌታ ተናግሮኛል» ያልኩት የት ይገባል? ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት።

ማቴዎስ ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ቆቡ ሲሰድ አየሁ። ሊያወልቀው ነው። ሊያሳያቸው ነው። የጠበቀው ቀን መጣለት።

እጁን ያዝኩት።

እጁን ይዤ ወደ ታች አወረድኩት፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጫን አደረግኩት። ሰው የደስታ መስሎት ይሆናል። እሱ ግን ገባው። ዓይኑ ፊቴ ላይ ቀረ፣ ፈገግታውም ሳይጠፋ እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። ከዚያ ለምስክርነት ተጠራሁ፣ ወጣሁ፣ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ የማቴዎስ መሣሪያ መስሎኝ ወደ ቆቡ አየሁ። ከዚያ ተናገርኩ። «ሐኪም መድኃኒት የለኝም ብሎን ነበር» አልኩ። እውነት ነው። «እናንተ ስትጾሙልኝ ጌታ የባሌን ጆሮ ከፈተ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ማቆም አልቻልኩም፤ ድምፄ ያምራል፣ ሕዝቡ ያለቅሳል፣ እኔም አለቅሳለሁ። በዚያ እንባ መሀል ከመድረኩ ላይ ሆኜ ማቴዎስን አየሁት። ያችን እጁን ከጉልበቱ አነሣ። ቀስ ብሎ ከቆቡ ሥር አስገባት። አላወለቀውም። አጠፋው።

ወደ ቤት ዳገቱን ስንወጣ ሊዲያ ከኋላ ሆና «አባዬ» አለችው። አልዞረም። ጨዋታ መስሏት ሳቀች፣ ደግማ ጠራችው።

ቤት ገብተን ልጅቷ ወደ ጎረቤት እንደወጣች መሣሪያውን በመሃረብ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መሣሪያው ስላልነበረ ድምፁ ከልክ በላይ ይጮኻል፤ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ያኔም ያሰብኩት ጎረቤት እንዳይሰማ ነበር።

«አስኑ» አለኝ፣ «ይሄን ካደረግኩ አንቺ ውሸታም ትባያለሽ። እኔ ደንቆሮ መባል ለምጄዋለሁ። አንቺ ውሸታም መባል አትችይውም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ እኮ እጣላዋለሁ፣ በጠቡ መሀል እውነቱ ሊወጣ ይችል ነበር። እኔ ምን አልኩ? «የለም፣ አድርገው፣ በመጪው እሑድ ወጥቼ አስተካክላለሁ» ማለት ነበረብኝ። ከንፈሬን እያየ ጠበቀ። መሃረቡን አንሥቼ የቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክረምት ልብስ ሥር አስገባሁት። ሐኪሙ «መሳቢያ ውስጥ እንዳይከርም» ያሉትን እያስታወስኩ ነው ያስገባሁት።

ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ወሬው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ለጋሽ ዘለቀ እነግራቸዋለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ወለም ብሎኝ አይደለም፣ ቀጥ ብዬ ተራምጄ ነው የገባሁበት። ወሬው አልቀዘቀዘም። ሌሎች አጥቢያዎች ለምስክርነት ይጠሩኝ ጀመር፣ እኔም ሄድኩ። በየሄድኩበት ታሪኩ ሥጋ ለበሰ። አንድ ቦታ ጆሮው ሞቀው አልኩ። ሌላ ቦታ ሲከፈት ጧ አለ አልኩ። ጧ! ያን ቀን ማታ ባሌ ፊት ተቀምጬ እራት ስበላ፣ እሱ የሹካዬን እንቅስቃሴ እያየ መጨረሴን ይገምት ነበር።

እሥር ቤቱን እኔ ሠራሁት፣ እኔም አብሬው ገባሁ። ማቴዎስ ብቻውን ሰው መሀል መቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ ጥላው ሆንኩ። ጉባኤ ውስጥ በቀኙ እቀመጥና እጁን እይዛለሁ። አንዴ ስጫነው አሜን ይላል። ሁለቴ ስጫነው ይስቃል። እጅጌውን ስጎትተው ይነሣል። ሰዎች «እንዴት ይዋደዳሉ!» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ሄዶ፣ እኔ ታምሜ ነበርና ብቻውን፣ ሰብሳቢው በጠየቀው ቁጥር ራሱን እየነቀነቀ የልማት ኮሚቴ አባል ሆኖ ተመርጦ መጣ። ምን እንደተመረጠ እንኳ አላወቀም፤ ሲያጨበጭቡለት አጨብጭቦ ነው የመጣው። በነገታው ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለው ነው ያወቅነው። እኔና እሱ ያን ቀን እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ እሱ ሳቁን ሲያቆም እኔ ማልቀሴን አላቆምኩም።

ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ሐኪሙ እንዳሉት ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ይሠራ ነበር። ከጉባኤያችን አንድ ወንድም እዚያው ቀለም ቀቢ ነው። «ጌታ የከፈተልህን ጆሮ በጥጥ ትወትፋለህ እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። ማቴዎስ ቃሉን አልሰማም፤ ጣቱ ወደ ጥጡ ሲያመለክት ግን ገባው። ማታ በእጁ ምልክት እያሳየ ነገረኝ፤ ቃሉን እኔ በኋላ ከቀቢው አፍ ሰማሁት። እኔ «ተወው፣ ወትፍ» አላልኩትም። ከዚያ በኋላ ባዶ ጆሮውን ቀጠቀጠ። የቀረችውም ሣር ተረገጠች።

አሁን ስለ ሊዲያ ልናገር። እስካሁን የዞርኩት እዚህ ላለመድረስ ነው።

ሊዲያ የአባቷ ጆሮ እንደዳነ ታውቃለች። እኔ ነኛ የመሰከርኩት! በሰንበት ትምህርት ቤት «የማቴዎስ ልጅ» እያሉ ያቆሟታል። ለልጅ ምስጢር አይነገርም ብዬ አልነገርኳትም፤ ትናገርብኛለች ብዬ ማለቴ ነው። እሱም ለእኔ ብሎ አልነገራትም። እንግዲህ አስበው። አንዲት ልጅ አባቷ ይሰማል። ትጠራዋለች፣ አይዞርም። ታወራዋለች፣ ግድግዳ ያያል። ትጠይቀዋለች፣ ሌላ ነገር ይመልስላታል። ምን ብላ ትደምድም?

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ይዛለች። ማቴዎስ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ከቧንቧው እጁን ይታጠባል። «አባዬ!» አለች። «አባዬ፣ አንደኛ ወጣሁ!» አለች። ሦስተኛውን ቀስ ብላ አለችው፣ «አባዬ» ብላ ብቻ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሦስት እርምጃ ተራምጄ ትከሻውን መንካት እችል ነበር። «ልጄ፣ አባትሽ አይሰማም» ማለት እችል ነበር። ልጅቷ ካርዷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በእኔ አጠገብ አልፋ ገባች። ቆየት ብላ «እማዬ፣ የሁሉንም ይሰማል፣ የእኔን ብቻ ነው የማይሰማው» አለችኝ። «ደክሞት ነው» አልኳት። ለስንት ዓመት ደከመው!

እሱ እጁን አድርቆ ገባና ፀጉሯን ዳበሳት። እጁን ከራሷ ላይ አነሣችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ እኛ ቤት ሰው ምን ሲል እንደኖረ አላውቅም። ልጄ ግን ያለችውን ሰምቻለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ሲሆን የክረምት ልብስ ስትፈልግ መሃረቡን አገኘችው። ፈትታ በመዳፏ ይዛው መጣች። «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። እግዚአብሔር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሸሸው ቆይቶ፣ እውነቱን በልጄ እጅ ላይ አስቀምጦ አቀረበልኝ። «የድሮ ራዲዮ ዕቃ ነው» አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ መልሳ አስቀመጠችው።

ያን ሳምንት ማቴዎስን ይዤ ወደዚያው ክሊኒክ ሄድኩ። መስማቱን ልመልስለት ብዬ ነው፤ ከተመለሰለት መናዘዝ አያስፈልገኝም ብዬም ነው። ሐኪሙ የሉም። አንዲት ወጣት ባለሙያ አዲስ መሣሪያ ሰካችለት። ከኋላው ስሙን ጠራሁ፣ ዞረ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጅቷ አፏን በወረቀት ሸፍና ቃል እየጠራች ድገም አለችው። ቤት። ውሃ። ልጅ። ማቴዎስ እንደያኔው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ግንባሩን ቋጠረ። ቆየና በዚያ ጯሂ ድምፁ «ድምፅ አለ፣ ቃል የለም» አለ።

«ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለሆነ ነው» አለችኝ። «በልምምድ ጥቂት ሊሻሻል ይችላል፤ ግን ብዙ ዘግይታችኋል። ቀድሞ መሣሪያ ነበረው ይላል ፋይሉ፤ ለምን አላደረገውም?»

ማቴዎስ ምን እንዳለችው እንድነግረው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ለእሷ «ጠፍቶበት ነው» አልኳት። ለእሱ «ተለማመድ ነው የምትለው» አልኩት፣ በከንፈሬ። በአንድ ትንፋሽ ለሁለት ሰው ሁለት ውሸት።

ሁለት ሳምንት ሞከረው። «መርካቶ መሀል የቆምኩ ይመስለኛል» አለና አወለቀው። ይኸኛውን እንኳ መሃረብ አላለበሰውም።

ዛሬ ሊዲያ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቢሮ ትሠራለች፣ መገናኛ አካባቢ ከጓደኛዋ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። በወር አንድ እሑድ ትመጣለች። አባቷን ጉንጩን ነካ አድርጋ ትስመውና ወንበሯን ወደ እኔ ታዞራለች። ስለ ሥራዋ ለእኔ ታወራለች። እሱ ከጎን ሆኖ አፏን ለማንበብ ይሞክራል፤ እሷ ግን ፊቷን አትሰጠውም። አልፈርድባትም። የማይሰማት መሆኑን ሳይሆን የማይፈልጋት መሆኑን ነው ያስተማርኳት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማለሁ። የእኔ እስካሁን አልጠራም፤ ማንም በራሱ እንዲጠራ አይጠብቅ። ስለዚህ ጻፍኩት። በመጪው እሑድ ሊዲያ ስትመጣ እነዚህን ወረቀቶች እሰጣታለሁ፣ እሷ ካነበበች በኋላ ወደ አዳራሹ ይዣቸው እሄዳለሁ። እሄዳለሁ ብያለሁ፤ ከዚህ በፊትም ብዙ ብያለሁ፣ አትመነኝ። ወረቀቱን ግን አሁን ማቴዎስ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው የምጽፈው፤ ያይ እንደሆነ እንጃ፣ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም።

ይቅርታ አልጠይቀውም። ይቅር በለኝ ብዬ እጁን ብጫነው አሜን ይለኛል። አሥራ ስምንት ዓመት ያስለመድኩት ይህንኑ ነው፤ ከእንዲህ ያለ እጅ የሚገኝ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? እኔ በድምፄ የታወቅኩ ሴት፣ ባሌ ከአፌ አጥርቶ የሰማው የመጨረሻው ነገር ያ ምስክርነት ነው። ከዚያ ወዲህ የተናገርኩትን አልሰማም። ያችን ግን ሰምቷታል፤ ከነማጉያው።

ሊዲያ፣ አንቺን ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፣ ለእኔ አይደለም። እሑድ ስትመጪ ወንበርሽን ወደ እሱ አዙሪና ካርዱን አሳዪው። አንደኛ መውጣትሽን እስከ ዛሬ አያውቅም።